ምዕራፍ ሰባት፦ “ቀልዴን ነው” እና “ታፌዝብኛለህ?”

ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመዋል እንበል። በያዙት ፌስታል ውስጥ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አለ። ተራቸው ደርሶ ወረቀቱን ሲያቀብሉ ወጣቱ ሠራተኛ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ፈገግ ይልና፣ “እማማ፣ ሲስተሙ ተኝቷል፤ ሲነቃ ይምጡ” ይላቸዋል። እሳቸው ግን አይስቁም። ትክ ብለው ያዩትና፣ “ልጄ፣ ታፌዝብኛለህ እንዴ?” ይሉታል። ልጁ ክው ይላል። “ኧረ እማማ፣ ቀልዴን ነው!”

እንዲህ ያለ ምልልስ ሰምቶ የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። የቋንቋን ትርጉም ለሚያጠና ሰው ግን ትልቅ ጥያቄ አለበት። ሁለት ሰዎች ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሁለት ስም ጠሯት። የተናገራት ልጅ ቀልድ ናት አለ፤ የተነገረቻቸው ሴት ፌዝ ናት አሉ። ፌዝነቷ በቃላቱ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ባዩት ነበር። እንግዲያስ የፌዝ ትርጉም ያለው የት ነው?

በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። ፌዝ በንግግር ላይ የሚሰጥ ፍርድ ስም ነው። ፍርዱን የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ሳይሆን፣ ክብደት ያለው ጉዳይ ይዞ የመጣው ሰው ነው።

መዝገበ ቃላቱ እስከሚያደርሰን ድረስ

በምዕራፍ ሦስት አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል አይተናል። እማሬያዊው ፍቺ ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነገር ነው፤ ፍካሬያዊው ቃሉ አስከትሎት የሚመጣው ስሜትና ግምት ነው። “ጅብ” ስንል አንድ አውሬ አለ፤ ከአውሬው ላይ የተደረበ የሆዳምነት ወሬም አለ። ሁለቱን መለያየት አያስቸግርም። ስለ ጅብ የሚያጠና ሰው ሆዳምነቱን ወደ ጎን ብሎ ስለ አውሬው ብቻ ሊጽፍ ይችላል።

በፌዝ ላይ ይህን ለማድረግ ይሞክሩ። ነቀፌታውን ከቃሉ ላይ ያንሱት። ምን ይቀራል? አስቂኝ ነገር መናገር? እሱ ቀልድ ነው። ቀለል አድርጎ ማውራት? እሱ ጨዋታ ነው። ነቀፌታው ሲነሳ ፌዝ ራሱ አብሮ ይነሳል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሰፊ ቦታ የሰጣቸው እንዲህ ያሉትን ቃላት ነው። እየገለጹ የሚፈርዱ፣ እየፈረዱ የሚገልጹ ናቸው። “ጨዋ”፣ “ፈሪ”፣ “ቆንቋና” የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን ቃል ብዙ ጊዜ በዘመዶቹ ይፈታዋል። ፌዝን ፈልገው ወደ ዋዛ፣ ከዋዛ ወደ ቀልድ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቧልት ይመጣና ዙረቱ ፌዝ ላይ ይመለሳል። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሠሪዎች ድካም ቀላል አልነበረም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ የራሳቸው ትልቁ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ቃሉን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ግን አንድ ነገር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ እንደሚያወጣው ማስረዳት ሌላ ነው።

እስቲ ዘመዶቹን ትንሽ ቀረብ ብለን እንያቸው። ተረብ የሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ሲወረውር ሌላው እየመለሰ፣ የተሸነፈውም አብሮ እየሳቀ የሚሄድ ነው። ቧልት ልቅነት ያለበት፣ ጊዜ የሚበላ ጨዋታ ነው። አሽሙር ለአንዱ የተነገረ መስሎ ለሌላው እንዲደርስ የሚላክ ነገር ነው። ስላቅ ሰውየውን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል፤ መልኩን፣ ዘሩን፣ ችሎታውን ይይዝና ያዋርደዋል።

ፌዝ ከስላቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያ ወጣት ስለ እናትየዋ አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈሰም። እርጅናቸውን አላነሳም፣ ነጠላቸውን አልነካም፣ እንዲያውም “እማማ” ብሎ በአክብሮት ነው የጠራቸው። የነካው ጉዳያቸውን ነው። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፉበትን፣ ምናልባት እንቅልፍ ያጡበትን ነገር የመስኮት ማሳቂያ አደረገው። ስላቅ ሰውን ያዋርዳል፤ ፌዝ የሰውን ጉዳይ ያቀልላል። ሰውየው የሚጎዳው በጉዳዩ በኩል ነው፤ “ምን አልኩ?” ብሎ መከራከር ለፌዘኛው የሚቀለውም ለዚህ ነው።

“ፌዜን ነው” የሚል የለም

የቋንቋ ተመራማሪዎች የአንድን ቃል ጠባይ ለማወቅ ከሚያደርጉት ፍተሻ አንዱ ቃሉን በአንደኛ መደብ፣ ማለትም በ“እኔ”፣ ማናገር ነው። “ቀልዴን ነው” እንላለን። “ስቀልድ ነው”፣ “ለጨዋታ ያህል ነው” እንላለን። ሰው በራሱ አንደበት፣ ያለ ኀፍረት፣ ስለ ራሱ ንግግር የሚናገራቸው ናቸው። “ፌዜን ነው” የሚል ሰው ግን ሰምተው ያውቃሉ? አይመስለኝም። “እኔ” እና “ፌዝ” የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በአሉታ ነው፦ “እያፌዝኩ አይደለም”፣ “ላፌዝብህ አይደለም የመጣሁት”። አንድ ሰው “ሲያፌዝብኝ እኔም አፌዝኩበት” ብሎ ሊናገር ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ወይ ጥፋቱን እያመነ ነው፣ ወይ ያ ሰው ይገባዋል እያለ ነው። በሁለቱም መንገድ ራሱን በተጎጂው ዓይን እያየ ነው የሚናገረው።

ይህ ጠባይ የፌዝ ብቻ አይደለም። ሐሜትም እንዲሁ ነው። ሰው የሰው ነገር ሊያነሳ ሲል “ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ” ብሎ ይጀምራል፤ ቃሉን ሌላው ሳይቀድመው እሱው ጠርቶ ሊያስወግደው ይሞክራል። ፈላስፋው በርትራንድ ረስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ባቀረበው ዝነኛ ምሳሌ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ያው አንድ ጠባይ እኔ ላይ ሲሆን ጽናት፣ አንተ ላይ ሲሆን ግትርነት ይባላል፤ እዚህ የሌለው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስም ያገኛል። የምንገልጸው ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ የሚለወጠው በየት በኩል እንደቆምን ነው።

ስለዚህ በመስኮቱ ፊት “ቀልዴን ነው” እና “ታፌዝብኛለህ?” ሲጋጩ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት የለብንም። ልጁ ስለ ሐሳቡ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሊያስቅ ነበር የፈለገው። እናትየዋ የተናገሩት ግን ስለ ሐሳቡ አልነበረም። ንግግሩ በጉዳያቸው ላይ ስላደረገው ነገር ነው። በምዕራፍ አምስት ጆን ኦስቲንን ጠቅሰን ንግግር ድርጊት ነው ያልነውን አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። “ቃል እገባለሁ”፣ “ይቅር ብዬሃለሁ” የሚል ሰው አንድ ነገር መናገር ብቻ ሳይሆን አንድ ነገር ማድረጉ ነው። ያ ወጣትም አንድ ነገር አድርጓል። ጥያቄ ቀርቦለት ሳለ ሳይመልስ ሸኝቷል።

ዘነበልኝ፣ ዘነበብኝ

አማርኛ ይህን ነገር በሰዋስውም ይዞታል። የዘራ ገበሬ “ዘነበልኝ” ይላል፤ ያጨደውን አውድማ ላይ ያሰጣ ደግሞ “ዘነበብኝ” ይላል። ዝናቡ አንድ ነው። በግሱ መጨረሻ የምትገባው “ል” ነገሩ ለሰውየው ጥቅም መሆኑን ስትናገር፣ “ብ” ጉዳት መሆኑን ትናገራለች። (“ብ” ቦታንና መሣሪያንም ታመለክታለች፤ “የተኛበት አልጋ”፣ “የቆረጠበት ቢላዋ” እንደምንለው። እዚህ የምናወራው ስለ ሰው ሲነገር ነው።)

ሳቅ ሁለቱንም ይወስዳል። ሕፃኑ “ሳቀልኝ” የምትል እናት ደስ ብሏታል፤ “ሳቀብኝ” የሚል ሰው ተከፍቷል። ቀልድ “ቀለደብኝ” ሲሆን ይጎዳል፤ ግን “ደስ የሚል ቀልድ አወራልን” ማለትም ይቻላል፤ ቀልድ ስጦታ ሊሆን ይችላል። ፌዝ ግን “ል”ን አይቀበልም። “አፌዘልኝ” የሚል ሰው ቢገጥመን አማርኛ ገና እየተማረ ነው ብለን እናስባለን። አፌዘብኝ፣ አላገጠብኝ፣ ተሳለቀብኝ፣ አሾፈብኝ፦ እነዚህ ግሶች ሁሉ በ“ብ” ይሄዳሉ፣ ወደ “ል” ሲወስዷቸው እምቢ ይላሉ። ከዚህች አንዲት ፊደል የምንማረው ፌዝ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ሰው እንዳለው ነው። ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀልድ ሰው ማሰብ ይቻላል። ብቻውን የሚያፌዝን ሰው ስናስብ ግን የግድ የሌለን ሰው ወይም የከበረን ነገር ወደ ክፍሉ እናስገባለን።

የነጠላው ጥለት

እስካሁን ያልነካሁት ትልቅ ጥያቄ አለ። ያው ወጣት ያችኑ ዓረፍተ ነገር አጠገቡ ለተቀመጠ የሥራ ባልደረባው ቢናገር ሁለቱም ስቀው ባለፉት ነበር። ፌዝ የሚለውን ቃል ማንም አያነሳውም። ታዲያ ከቃሉ ውጪ ያለው ነገር እንዴት አድርጎ የቃሉን ትርጉም ይወስናል?

ነጠላን እንውሰድ። በአዘቦትና በበዓል ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ለቅሶ የምትሄድ ሴት ያንኑ ነጠላ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ አድርጋ ትለብሰዋለች። ድሩና ማጉ አልተለወጠም። የተለወጠው አለባበሱ ነው፤ አለባበሱን ደግሞ የሚወስነው የሚኬድበት ቤት ነው። ጥለቷን ወደ ታች አድርጋ ለቅሶ ቤት የገባችን ሴት የሚያዩ ሰዎች ነጠላው አስቀያሚ ነው አይሉም። ሐዘኑን አላየችውም ነው የሚሉት። እሷ ምናልባት ቸኩላ፣ ሳታስተውል ነው የወጣችው። ሐዘንተኛው ግን የሚያየው ጥለቱን ነው።

የወጣቱም ቀልድ በራሱ ነውር የለበትም። ጥለቱ ግን ወደ ታች ነበር። እናትየዋ የመጡት ክብደት ይዘው ነው፤ እሱ የተናገረው ክብደት እንደሌለ አድርጎ ነው። ሐሳቤን በነጠላው ስገልጽ አንድ ነገር እንዳይሳት እሰጋለሁ። ፌዝ ማለት በከባድ ቦታ መሳቅ ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ድንኳን ውስጥ የሚያመሹ ወጣቶች ካርታ ይጫወታሉ፤ ጎረቤት “ልናጫውታችሁ” ብሎ ይመጣል፤ የሟቹን ጨዋታ እያነሳ ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያደርግ ሽማግሌ አይጠፋም። ያንን ሳቅ ማንም ፌዝ አይለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሳቁ ሐዘኑን አይቶታል፣ የመጣውም ለሐዘንተኛው ነው። በሰዋስው ቋንቋ ካልን “ል” አለበት። ከባድ ነገር ባለበት ቤት ቀላል ነገር መናገር ይቻላል፤ ተናጋሪው ክብደቱን ማወቁ ከታየ፣ ሰሚውም ካገኘበት።

“ይህ ጨዋታ ነው” የሚለው ምልክት

ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት መጫወቱን የሚያውቀው በምንድን ነው? እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ግሪጎሪ ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 በሳን ፍራንሲስኮ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ጦጣዎች ሲጫወቱ ተመለከተ። ይናከሳሉ፤ ንክሻው ግን ንክሻ አልነበረም። ተነካሹም ያውቃል፣ አይሸሽም። ቤትሰን ከዚህ ተነስቶ እንስሳቱ ከንክሻው ጋር አብረው ሌላ መልእክት ይለዋወጣሉ አለ፤ “ይህ ጨዋታ ነው” የሚል መልእክት። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተመው፤ ስለ ቀልድ ከተጻፉት ብዙዎቹ ጥናቶች ዛሬም የሚነሱት ከዚያ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን የሐሳቡ ሁለተኛ ግማሽ ነው። መልእክቱ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ ተቀባይም ያስፈልገዋል። ባህል ብዙ ጊዜ ይህን አስቀድሞ ያዘጋጃል። በገና ዕለት በሜዳ ላይ ሩር ሲመታ አሽከሩ ከጌታው ጋር ይጋፋ፣ ይተርበውም ነበር፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረውን አባባል የማያውቅ የለም። በሠርግ የሙሽራዪቱ ወገን ሚዜዎቹን በዘፈን እየጠራ ያብጠለጥላቸዋል፤ የሚከፋ ሚዜ ቢገኝ የሚታዘቡት እሱን ነው። በሁለቱም ቦታ “ይህ ጨዋታ ነው” የሚለውን ምልክት ቀኑ ራሱ ሰቅሎታል። እኚያ እናት የቆሙበት መስኮት ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ልጁ ብቻውን ጨዋታ ጀመረ፤ እሳቸው ወደ ጨዋታው አልገቡም። ፌዝ የምንለው አብዛኛው ነገር እንዲህ የተፈጠረ ይመስለኛል፦ አንዱ ጨዋታ ውስጥ ነው፣ ሌላው ጉዳይ ላይ ነው።

አለቃ ገብረ ሐናን እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት እኚህ የጎንደር ሊቅ የሚታወቁት በጨዋታቸው ነው። ተክሌ ለሚባለው አቋቋም መሠረት የጣሉ የቤተ ክርስቲያን ምሁር መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ከጨዋታቸው አድናቂ ያነሰ ነው፤ ያሳዝነኛል። ስለ እሳቸው ከሚነገሩት አንዱ አህያ እየነዳች ስትሄድ ያገኟትን ሴት “እንደምን አደራችሁ” ማለታቸው ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ናት። “አደራችሁ” የሚለው የብዙ ቁጥር አህያዋንም ጠቅልሎ ያስገባል። ቀልዱ በሙሉ ያለው በአንዲት የመደብ ምልክት ላይ ነው። ይህ ቀልድ ነው ወይስ ፌዝ? ተራኪው ሴትየዋን መልስ የሚያሰጣት ከሆነ ተረብ ይሆናል፤ ዝም አስብሏት የሚያልፍ ከሆነ ወደ ፌዝ ይጠጋል። ሕዝቡ የገብረ ሐናን ወጎች እየተቀባበለ ሲያቆይ በብዙዎቹ ላይ ሌላው ሰው መልሶ እንዲነካቸው ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። “ጨዋታ አዋቂ” የምንለው ሰው ሁለተኛውን ሰው ወደ ጨዋታው የሚያስገባ ነው።

ቀልዱ ሳይነገር የሚሳቅበት

በእንግሊዝኛ የኛን ፌዝ የሚመስል “ፍሊፓንት” የሚባል ቃል አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቀልጣፋ፣ ምላሱ የማይታሰር ማለት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከባዱን ነገር አቅልሎ የሚናገር ሰው መንቀፊያ ሆነ። ደራሲው ሲ ኤስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው፣ አንድ አንጋፋ ሰይጣን ለአንድ ወጣት ዘመዱ በሚልካቸው ደብዳቤዎች መልክ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሰውን ሳቅ ምንጮች አራት አድርጎ ይከፍላቸዋል። ደስታ፣ ጨዋታ፣ ቀልድ፣ በመጨረሻም ይህ የማቅለል ጠባይ። ስለ መጨረሻው ያስተዋለው ነገር በጣም ጥልቅ ነው። ቀልድ መናገር ችሎታ ይጠይቃል። በዚህኛው ግን ማንም ቀልድ አይናገርም፤ ቀልዱ ቀደም ሲል የተነገረ ይመስል ሁሉም ይስቃል። ስለ ታማኝነት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ አገር ሲነሳ አንዱ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው “እህም” ይላል፣ ነገሩ አለቀ። ምን እንዳሳቃቸው ቢጠየቁ የሚናገሩት ነገር አይኖርም።

ፌዝንም በዚህ ዓይን ሳየው ይበልጥ ይገባኛል። ፌዝ ቃል ላያስፈልገው ይችላል። ድምፅን ማስረዘም፣ የሌላውን ንግግር በአፍንጫ ደግሞ ማለት፣ ከንፈር ማጣመም ይበቃል። አማርኛ ደግሞ ለፌዘኛ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አስታጥቆታል፤ የአክብሮት መደብ። አቻውን ጓደኛውን በቁም ነገር ስብሰባ መሐል “እርስዎ እንዳሉት ክቡርነትዎ” የሚል ሰው አንዲት የስድብ ቃል አልተጠቀመም። ከክብር ቃላት ውስጥ ትልቁን መርጦ ባልሆነበት ቦታ አስቀመጠው። አያት የልጅ ልጃቸውን “ጌታው፣ ምሳ ይቅረብልዎ?” ሲሉት ግን ያው አክብሮት ፍቅር ይሆናል። ልጁ ያውቃል፣ ይስቃል፣ “አዎ ይቅረብ” ይላል።

የሎጥ አማቾች

ፍርዱን የሚሰጠው ሰሚው ነው ካልን፣ ሰሚው የተሳሳተ ዕለትስ? በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ላይ ሎጥ ሌሊት ወደ አማቾቹ ሄዶ ከተማዪቱ ልትጠፋ ነውና ውጡ ይላቸዋል። በሕይወቱ ውስጥ ከዚህ የከበደ ነገር ተናግሮ አያውቅም። እነሱ ግን የሚያፌዝባቸው መሰላቸው። የዕብራይስጡ ቃል ይስሐቅ ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር አለው፤ የኛም “ሳቀ” በግዕዙ “ሠሐቀ” በኩል የዚያው ቤተሰብ ነው። ሎጥ አልሳቀም፣ አላሳቀም። ሰሚዎቹ ለቁም ነገር ቦታ ስላልነበራቸው የሰሙትን ሁሉ ፌዝ አደረጉት።

ይህ ታሪክ ቃሉ እንዴት ያለ ጉልበት እንዳለው ያሳያል። “ይህ ፌዝ ነው” የተባለ ንግግር መልስ አይሰጠውም። ስለዚህም ቃሉን ሥልጣን ያለው ሰው በክፉ ሊጠቀምበት ይችላል። ልጅ የምሩን ሲጠይቅ “ታፌዛለህ እንዴ!” ብሎ የሚያስደነግጥ አባት፣ የሠራተኛን ቅሬታ “ፌዝ አንወድም” ብሎ የሚዘጋ አለቃ፣ ከፌዘኛው የባሰ ነገር ያደርጋሉ። ከባዱን ጉዳይ እነሱ ራሳቸው እያቀለሉ የማቅለሉን ስም ለጠያቂው ይሰጡታል።

ታዲያ ፍርዱ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ሳቁ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ የት ደረሰ? ያ ወጣት “ሲስተሙ ተኝቷል” ብሎ ሲያበቃ ወዲያው “ለስምንት ሰዓት ይደርሳል፤ እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፣ እኔ እጠራዎታለሁ” ቢል ኖሮ እናትየዋ ራሳቸው ፈገግ ባሉ ነበር። ያው ቀልድ ነው፤ ጉዳያቸው ግን ክብደቱን እንደያዘ ይቀጥላል።

ዋዛ ቀለለ፣ ፌዝ ግን እንደከበደ ነው

ቃላት ከጊዜ ብዛት ነቀፌታቸውን እንደሚያጡ በምዕራፍ አራት አይተናል። ዋዛ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋዘኛ ከባድ ስድብ ነበር፤ በመዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ብፁዕ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር የዋዘኞች ነው፤ ግዕዙ “መስተሣልቃን” ይላቸዋል፣ የዛሬው ተሳለቀና ስላቅ ዘመድ። ዛሬ ግን “እንደ ዋዛ ከቤት ወጥቶ ቀረ” ስንል ማንንም እየነቀፍን አይደለም። ምንም ሳይመስል፣ ሳይታሰብ ማለታችን ነው። “እንደ ቀልድ አሥር ዓመት ሞላን” ስንልም እንዲሁ። በዚያው ቦታ ፌዝን ያስገቡና ይሞክሩት፦ “እንደ ፌዝ አሥር ዓመት ሞላን።” አይሆንም። ዓመታቱ የሚያፌዙ ሰዎች ይመስላሉ። ዋዛና ቀልድ ለማንም ሳይናገሩ ጊዜን ብቻ መግለጽ ተምረዋል። ፌዝ ግን አሁንም የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል።

“ኛ” ሲቀጠልባቸውም ልዩነቱ ይታያል። ቀልደኛ ብሎ ልጅን ማስተዋወቅ ይቻላል፤ ፌዘኛ ብሎ የሚያስተዋውቅ የለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ፌዘኛ ከሰነፍ ጎን የሚቆም የሰው ዓይነት ነው፤ የሚነቀፈው አንድ ቀን ባወጣው ቃል ሳይሆን ተግሣጽን ሁሉ በፌዝ በመቀበሉ ነው።

ለወደፊት የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። ፌዝን “ቀልድ፣ ዋዛ፣ ለግጥ” ብለው አይተዉት። ከፍቺው ጎን “ተናጋሪው ስለ ራሱ ብዙ ጊዜ የማይለው፤ ከግሱ ጋር ‘ብ’ እንጂ ‘ል’ የማይገባበት፤ ባለጉዳዩ ጉዳዩ ሲቀልልበት የሚናገረው” ብለው ይጨምሩበት። አማርኛን ከመጽሐፍ የሚማሩ፣ በውጭ አገር ተወልደው ከወላጆቻቸው የሚሰሙት ብቻ ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለአያቶቻቸው “ፌዜን ነው እማማ” ብለው ከመናገራቸው በፊት ይህን የሚነግራቸው ገጽ ያስፈልጋቸዋል።